የሻይ ቤቶች ትእዛዝና የሒሳብ መኪና
የላየንስ ኩባንያ ደንበኞቹን ያወቀበት መንገድ

ነጋዴ ደንበኛውን በመልኩ የሚያውቀው ሱቁ አንድ ሲሆን ነው። ሱቆቹ ከመቶ ሲያልፉ ባለቤቱ የደንበኛውን ፊት አያይም፤ የሚያየው መዝገብ ብቻ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው፥ በሎንዶን የነበረው የጄ. ላየንስ ኩባንያ ከመዝገቡ ውስጥ ደንበኛውን ፈልጎ ለማግኘት ምን እንዳደረገና ፍለጋውም እስከ ምን ድረስ እንዳደረሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስለዚህ ኩባንያ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በ1951 ሥራ ከጀመረው ሊኦ ከተባለው ኮምፒውተር ነው። ሊኦ ለንግድ ቤት የዘወትር ሥራ የዋለ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ስለ ሆነ ይህን ማድረጋቸው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከመኪናው መጀመር ነገሩን ከጅራቱ እንደ መያዝ ይመስለኛል። መኪናው የመጣው ጥያቄው ከተዘጋጀ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ላየንስ የመጀመሪያውን ሻይ ቤት በፒካዲሊ መንገድ የከፈተው በ1894 ነበር። ሻይ ቤት ሲባል አንባቢው በከተሞቻችን እንደሚያውቀው ያለ፥ አንድ ሰው አንድ ክፍል ከፍቶ የሚሠራበትን ቤት እንዳያስብ ያስፈልጋል። የላየንስ ሻይ ቤቶች በሥርዓትና በመልክ የሚመሳሰሉ፥ ዳቦአቸውና ኬካቸው ካድቢ ሆል ከተባለው ሰፊ የምግብ ፋብሪካ የሚላክላቸው ነበሩ። ከአንድ ስኒ ሻይና ከአንድ ቁራሽ ኬክ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ከመጠን በላይ የታዘዘው ኬክ አድሮ ይበላሻል፤ ከመጠን በታች ከታዘዘ ደግሞ ደንበኛው ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። የኩባንያው ዕድል የተንጠለጠለው በዚህች ትንሽ ልዩነት ላይ ነበር።

በ1923 ኩባንያው በካምብሪጅ ሒሳብ ያጠናውን ጆን ሲመንስን ቀጠረ። ሲመንስ የጸሓፊዎቹን ሥራ ከማፋጠን ይልቅ፥ ቍጥሩ ለማን ተጽፎ ምን ውሳኔ እንደሚሰጥበት መጠየቅን አስቀደመ። በ1930ዎቹ መጀመሪያም የአሠራር ዘዴን ብቻ የሚያጠና ክፍል ተቋቋመ። የኬክ ንግድ ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ማቋቋሙ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ሳይመስል አልቀረም።

በ1947 ስታንዲንግፎርድና ቶምፕሰን የተባሉ ሁለት የኩባንያው ሰዎች የመሥሪያ ቤት አሠራር ለማየት አሜሪካ ሄዱ። ኸርማን ጎልድስታይን የተባለው ሊቅም በገዛ አገራቸው በካምብሪጅ ሞሪስ ዊልክስ የሒሳብ መኪና እየሠራ መሆኑን ነገራቸው። ደጃፋቸው ያለውን ለማወቅ ባሕር መሻገራቸው ነው። ኩባንያው ለካምብሪጁ ሥራ 3,000 ፓውንድ ሰጠ፤ መኪናው በ1949 ሲሠራ ባዩ ጊዜም ጆን ፒንከርተን በእርሱ አምሳል ሊኦን ሠራ። ሊኦ ወደ 6,000 የሚጠጉ የኤሌክትሮኒክ አምፑሎች ነበሩት። በመጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የዳቦ ቤቱን ምርት ዋጋ መተመን ነበር።

ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን በ1954 የተጀመረው የሻይ ቤቶች ትእዛዝ ሥራ ነው። ቀድሞ እያንዳንዲቱ የሻይ ቤት ኀላፊ የነገውን ሁሉ በዝርዝር ጽፋ ታዝዝ ነበር። ዴቪድ ካሚነርና ባልደረቦቹ ይህን ለወጡት። ለእያንዳንዱ ሻይ ቤት፥ ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን፥ ቋሚ ትእዛዝ ተወሰነ፤ የሰኞው ከዓርቡ ይለያል ማለት ነው። ኀላፊዋ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ልዩነቱን ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ከዚህ ኬክ ጨምሩ፥ ከዚያኛው ቀንሱ የሚል ነው። ይህም ከሰዓት በኋላ በስልክ ይነገራል፤ በካድቢ ሆል የተቀመጡት ሴቶችም በጆሮአቸው እየሰሙ በእጃቸው ካርድ ይበሳሉ። ሊኦ ካርዶቹን ተቀብሎ ሌሊቱን ምን ያህል እንደሚጋገር፥ በየመኪናው ምን እንደሚጫን፥ ሒሳቡም ስንት እንደ ሆነ ያወጣል፤ ለአስተዳዳሪዎቹም የሽያጩን ሁኔታ የሚያሳይ መግለጫ ያትማል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ቋሚው ትእዛዝ የደንበኛው ልማድ በቍጥር የተጻፈበት ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ የኀላፊዋ ግምት ነው። ነገ ዝናብ ሊዘንብ እንደሚችል፥ በአጠገቡ ካለው መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው እንደሚመጣ የምታውቀው እርሷ ናት፤ መኪናው አያውቅም። ስለዚህ ሊኦ ደንበኞቹን ለኩባንያው አሳወቀ የሚለው አነጋገር ትክክል አይመስለኝም። የሴቶቹን ዕውቀት ሳይጥል በአንድ ሌሊት ወደ ምድጃው አደረሰ ቢባል ይሻላል፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። ትእዛዝ የተሸጠውን ያሳያል እንጂ የተፈለገውን አያሳይም። በእንግሊዝ አገር ምግብ በራሽን መታደሉ ፈጽሞ የቀረው በ1954 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተጻፈው ቍጥር ስለ ደንበኛው ፍላጎት የሚናገረውን ያህል ስለ ራሽኑ ይናገራል። ወደ ሻይ ቤቱ መምጣት ያቆመ ሰውም በካርድ ላይ አይበሳም። የእርሱ መቅረት የሚታወቀው ከወራት በኋላ፥ ቋሚው ትእዛዝ በጥቂቱ ሲቀነስ ነው፤ ያን ጊዜም ወዴት እንደ ሄደ ቍጥሩ አይናገርም።

የሚያስገርመው፥ የሻይ ቤቶቹ ትእዛዝ ወደ ሊኦ በገባበት በዚያው በ1954፥ ላየንስ ራሱ በኮቨንትሪ መንገድ ባለው ትልቅ ምግብ ቤቱ ውስጥ ዊምፒ የተባለ ከአሜሪካ የመጣ የሥጋ ሳንድዊች መሸጥ መጀመሩ ነው። የዊምፒ ቤቶች በአገሩ ሁሉ ሲበዙ ሻይ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። የኮምፒውተሩ ኩባንያ በ1963 ከኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ ጋራ ተቀላቀለ፤ ላየንስም በ1978 ለአላይድ ብሩዌሪስ ተሸጠ። የመጨረሻው ሻይ ቤት እስከ 1981 ቆየ።