የዲራ ወርቅ፦ ዋጋው የግራም ነው ወይስ የእጅ?

ዲራ የሪያድ ነባር ሰፈር ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች አብዱላዚዝ ኢብን ሳዑድ እ.ኤ.አ. በጥር 1902 ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር ሌሊት ወደ ከተማዋ ገብቶ ማለዳ የያዘው የመስመክ ምሽግ ዛሬም እዚያው አለ። ምንጣፍና ዕጣን የሚሸጥበት የሱቅ አል ዘል ገበያ ቅርብ ነው፤ ወርቅ ቤቶቹም ሩቅ አይደሉም።

የቅንጦት ሱቁ ግን ከዚህ ሰፈር ርቋል፤ አንዱ ምክንያት የከተማዋ ካርታ ነው። የሪያድን ማስተር ፕላን እንዲነድፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ውል የተሰጠው ግሪካዊው ኮንስታንቲኖስ ዶክሲያዲስ ነበር። ከተማዋን 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ወደ ሰሜን ዘረጋት። ፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጸድቅ የነዳጅ ዋጋም በዚያው ዓመት ናረ፤ አዲሱ ሀብት በካሬዎቹ መስመር ወደ ሰሜን አቀና። የቅንጦት ጌጥ መደብሮችም ኋላ በሰሜን ወዳለው የኦላያ ሰፈር ሕንፃዎች ገቡ። ዲራ ግን ሚዛኑን ይዞ ቀረ።

በዚያው ዘመን አቴና ውስጥ ሌላው ግሪካዊ፣ ጌጥ ሠሪው ኢሊያስ ላላዎኒስ፣ የጥንት ግሪክን ጌጦች እያጠና ወርቅን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ይሸጥ ነበር። ለፓሪስ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባልነት የተመረጠ ባለሙያ ነበር። የእሱ ደንበኛ የሚከፍለው በዋናነት ለእጅ ሥራው ነበር።

የዲራ ገዢ ግን በዋናነት የሚከፍለው ለግራም ነው። ሻጩ አምባሩን ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ የዕለቱን የ21 ካራት ዋጋ በግራሙ ያባዛል፤ የእጅ ዋጋ ይጨምርበታል፤ ክርክሩ በዚህች ጭማሪ ላይ ነው። 21 ካራት ማለት 87.5 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው። አሮጌውን በአዲስ መለወጥ የፈለገች ሴት፣ በእስልምና የአራጣ ሕግ መሠረት፣ መጀመሪያ ሸጣ ገንዘቧን ትቀበላለች፤ ከዚያ እንደ አዲስ ትገዛለች።

ይህ ስሌት በሳዑዲ ቤት ሠራተኛ ለሆኑ እህቶቻችን የሚስማማ ይመስለኛል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት መኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ወርቅ ግን አንገት ላይ ይውላል፣ ሲቸግርም ይሸጣል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ እንዲወጡ ተደርገው ሲመለሱ፣ ዕቃ ሸክፎ ለመውጣት ጊዜ ያጡ ብዙዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን የሚተርፈው በአካል ላይ ያለው ነው። የላላዎኒስ ዓይነት ጥበብ ደግሞ፣ የሚያውቀው ገዢ ካልተገኘ፣ አዲስ አበባ ወርቅ ቤት ዋጋው የግራሙ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ከዲራ የምትገዙ፣ የግራሙንና የእጁን ዋጋ ለይታችሁ ጠይቁ፤ የካራት ማኅተሙን እዩ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።