ለ2003 ተማሪዎቼ፦ ስለ ቱኒዚያ ያጎደልኩት

ጥር 2003 ዓ.ም. ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ቤን አሊ ከቱኒዚያ የሸሸ ሰሞን ነው። አንዳችሁ ከኋላ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እንዴት እንዲህ በአንድ ጊዜ?» አለኝ። እኔም ሲዲ ቡዚድ የምትባል ከተማ ውስጥ መሐመድ ቡአዚዚ የሚባል ፍራፍሬ ሻጭ ዲሴምበር 17 ቀን 2010 ራሱን አቃጠለ፣ ከዚያ አገሩ ተቀጣጠለ አልኳችሁ። «ዱብ ዕዳ ነው» ማለቴም ትዝ ይለኛል። አልዋሸሁም፤ ግን ታሪኩን የጀመርኩላችሁ ከመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ዜናው ከዚያ ስለጀመረ እኔም ከዚያ ጀመርኩ።

ከዚያ በፊት ሬዴየፍ ነበረች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በጋፍሳ አካባቢ ያለች የፎስፌት ማዕድን ከተማ ናት፤ ከማዕድን ኩባንያው ሌላ ይህ ነው የሚባል ቀጣሪ የላትም። ኩባንያው ደግሞ በማሽን እየተካ ሠራተኛውን ከግማሽ በታች አውርዶታል። ጃንዋሪ 5 ቀን 2008 የተቀጣሪዎች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ሥራ ፈላጊዎቹ ዝርዝሩ የዘመድ አዝማድ ነው ብለው ተነሡ። የሞቱ ማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች ድንኳን ተከሉ። ከመሪዎቹ አንዱ አድናን ሃጂ ነበር፤ መምህር ነው፣ እንደኔ።

ነገሩ ስድስት ወር ቆየ። ጁን 6 ፖሊስ ተኮሰ፣ ሰው ሞተ፣ ጦር ሠራዊት ከተማው ገባ። ሃጂ 10 ዓመት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 8 ወረደለት። አመጹን የዘገበው ጋዜጠኛ ፋሄም ቡካዱስም ኋላ ላይ 4 ዓመት ተፈረደበት።

ያኔ ታዲያ ፓሪስ ምን ትሠራ ነበር? ፈረንሳይ ቱኒዚያን ከ1881 እስከ 1956 ይዛ የኖረች አገር ናት፤ ከማንም በፊት ልትሰማ የሚገባት እሷ ነበረች። የሰሞኑ ትልቅ ወሬ ግን ፕሬዚዳንት ሳርኮዚና ዘፋኟ ካርላ ብሩኒ ነበሩ። ሉክሶር ታዩ፣ ፔትራ ታዩ፣ ፌብሩዋሪ 2 ተጋቡ። ሬዴየፍ አራተኛ ወሯን ስትይዝ፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ እኚሁ ሳርኮዚ ቱኒስ ሄደው የነፃነት ምህዳሩ እየሰፋ ነው ብለው ተናገሩ። ጨርሶ የዘገበ የለም አልልም፤ ለ ሞንድ ዲፕሎማቲክ በጁላይ ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ግን ወርኃዊ ነው፣ ከተማዋም በዚያን ጊዜ በወታደር እጅ ነበረች።

«ጋዜጠኛ ድሮም ወሬኛ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ጋልቱንግና ሩገ የሚባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ1965 ይህንኑ ጉዳይ አጥንተውት ነበር፤ የኮንጎ፣ የኩባና የቆጵሮስ ቀውሶች በኖርዌይ ጋዜጦች እንዴት እንደተዘገቡ አዩ። ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ የጊዜ ነገር ነው፦ ጋዜጣ በየቀኑ ይታተማል፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ይስማማዋል። ሰርግ ቀን አለው፣ የታወቀ ፊት አለው፣ ማብራሪያ አይፈልግም። የስድስት ወር ድንኳን ግን ዛሬ ምን አዲስ አለው? ትናንትም ነበር፣ ነገም አለ። አዘጋጁ ስለ ፎስፌት፣ ስለ ቅጥር፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ጉቦ ሊያስረዳ ነው። ለዚያ ደግሞ ዘጋቢ መላክ አለበት፤ ገንዘብ ነው፤ መንግሥቱም በር ዘግቷል።

በ2010 መጨረሻ ይህ ተለወጠ። በ2008 ፌስቡክ የነበረው ቱኒዚያዊ ጥቂት ነበር፤ ሲዲ ቡዚድ ስትነሣ ግን ወደ ሁለት ሚሊዮን ተጠግተዋል። በስልክ የተቀረጸውን አልጀዚራ ወስዶ አሳየው። የቡአዚዚ ሞት ቀን ነበረው፣ ስም ነበረው፣ ፊት ነበረው። ሬዴየፍ ያልነበራት እሱ ነው። እኔም የታሪክ አስተማሪ ነኝ ብዬ፣ እንደዚያ አዘጋጅ ፊትና ቀን ያለውን መርጬ አስተማርኳችሁ። ይሄ ነው የከነከነኝ።

ሃጂ በኖቬምበር 2009 ተፈታ፤ በ2014 ፓርላማ ተመረጠ።

ያን የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፦ በአንድ ጊዜ አልነበረም። ደብተራችሁን ያልጣላችሁም ካላችሁ፣ «መነሻ» ካልኩት ሥር «ሬዴየፍ፣ 2008» ብላችሁ ጨምሩልኝ።