ማየት ያልፈለጉት የዓይን ሐኪሞች

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1940። በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ከጀርመን ጋር የሚደረገው የአየር ውጊያ ጦፏል። ጎርደን ክሊቨር የተባለ ተዋጊ አብራሪ አውሮፕላኑ ተመታ፤ የመቀመጫው የፕላስቲክ መከለያ ተሰባብሮ ስብርባሪው ዓይኖቹ ውስጥ ገባ። አንዱ ዓይኑ ጠፋ፤ ሌላው ተረፈ።

በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ከፍተኛ የዓይን ቀዶ ሐኪም የነበሩት ሃሮልድ ሪድሌይ በዚህ አብራሪና በመሰሎቹ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ዓይን ባዕድ ነገር ሲገባበት ይቆጣል። ይህ ፕላስቲክ ግን ዓይን ውስጥ ቢቀመጥም አላስቆጣውም።

በዚያ ዘመን የዓይን ሞራ ሲታከም የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፤ በቦታው የሚተካ ግን አልነበረም። ታካሚው ዕድሜ ልኩን በወፍራም መነጽር ይኖራል። ሪድሌይ ከዚያው የፕላስቲክ ዓይነት ሌንስ አሠርተው ኅዳር 29 ቀን 1949 (እ.ኤ.አ.) በአንዲት ታካሚ ዓይን ውስጥ አስገቡ። ሥራውን በምስጢር ይዘው የቆዩት ተቃውሞ እንደሚመጣ ስላወቁ ነው።

አልተሳሳቱም። በ1951 ኦክስፎርድ ላይ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ይፋ ሲያደርጉት የዘመኑ አንጋፋ ሐኪም ሰር ስቱዋርት ዱክ ኤልደር ቀንደኛ ተቃዋሚ ሆኑ።

እውነቱን ለመናገር ተቺዎቹ ምክንያት ነበራቸው። የመጀመሪያው ሌንስ ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ነበር፤ ከቦታው የሚንሸራተትም አልጠፋም። ጉድለትን መንቀስ የሳይንስ ወግ ነው። ሳይመረምሩ ሐሳቡን ከነሥሩ መጣል ግን ሌላ ነው፤ ያውም ሥራቸው ማየት በሆነ ሰዎች ዘንድ!

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለእንዲህ ዓይነቱ ሌንስ ፈቃድ የሰጠው በ1981 ነው። ሪድሌይ የ‹ሰር› ማዕረግ ያገኙት በ2000፣ በ93 ዓመታቸው ሲሆን በዓመቱ አረፉ። ከዚያ በፊት ግን የራሳቸው ሁለት ዓይኖች በፈጠሩት ሕክምና ታክመዋል።

ታሪኩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ2005/06 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚመለስ ብርሃን ነው። የሪድሌይ ሐሳብ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል የታገለው ከሊቃውንት ጋር ነበር። ዛሬ የቀረው ትግል ሌንሱን፣ ሐኪሙንና ታካሚውን አንድ ቦታ ማገናኘት ነው።