ከጎሬ እስከ መቱ፦ ለቀበሌ ድምፅ የምንሰጠው እንዴት ነው?

የፓርላማ ምርጫ ሲመጣ ሬዲዮውም ፌስቡኩም ስለ እሱ ያወራል። መታወቂያ የሚሰጣችሁን ቀበሌ የሚቆጣጠረውን ምክር ቤትስ ማን መረጠው? መቱ ወይም ያዮ የምትኖሩ ከሆነ፣ በኦሮምኛ ጋንዳ የምትሉት ማለቴ ነው። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ኢትዮጵያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ ተወካይ በድምፅ የመረጡት በ1950 ዓ.ም. ነው። የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ያኔ ጎሬ ነበረች፤ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ የዞረው በደርግ ዘመን ነው። 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሆነ ሴት፣ የተማረም ያልተማረም መምረጥ ይችል ነበር። ለመመረጥ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል፦ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት። በጎሬ ዙሪያ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ይህን ከየት ያመጣል? ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። ደግሞም ለብቻው የምርጫ ክልል የሚሆነው ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ብቻ ስለነበር፣ እንደ ጎሬና መቱ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ከገጠሩ ጋር አንድ ላይ ነበር የሚመርጡት።

በዚያ ምርጫ በድምፅ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የተመረጡት በአዲስ አበባ ቢሆንም ጎሬን በደንብ ያውቋታል። በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ እዚያ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈዋል፤ በኋላም ተይዘው ጣሊያን ሀገር ታስረዋል።

ታዲያ ለፓርላማ ተመረጠ፤ ለአካባቢስ? በ1958 አውራጃዎች በራሳቸው ምክር ቤት እንዲተዳደሩ የሚል ትዕዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው አላጸደቀውም። የአካባቢ ምርጫ የሚባለው ነገር ተራው ሰው ደጅ የደረሰው በ1967 ነው። በዚያ ዓመት የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ተወለዱ። መሪዎቹን የሚመርጠው የነዋሪው ስብሰባ ነው፤ በብዙ ቦታም አመራረጡ እጅ ማውጣት ነበር።

እጅ ማውጣት ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ፈጣን ነው፣ ወረቀትም አይፈልግም። ግን አስቡት፦ እጩው እንደ ስኳር ያለ የራሽን ዕቃ የሚያከፋፍለው ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ ማን እጁን እንዳወጣ ይቆጥራል። ያላወጣውንም ያያል። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እንግሊዞችም እስከ 1872 እ.ኤ.አ. ምርጫቸውን በአደባባይ በቃላቸው ይናገሩ ነበር፤ ተከራዩ የቤት ባለቤቱን እየፈራ። መንግሥት አሳትሞት በሚስጥር የሚሞላ የድምፅ ወረቀት የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ በ1856 እ.ኤ.አ.።

በእኛ ሀገር የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚስጥር ድምፅ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 1984 ነው። ከቀናት በፊት ኦነግ ራሱን በማግለሉ በኦሮሚያ ብዙ ቦታ ፉክክሩ ገና ሳይጀመር አለቀ። ከዚያ በኋላ ትልቁ የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2000 መጣ። የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 መቀመጫ እንዲኖረው ተደርጎ ስለነበር፣ በመላ ሀገሪቱ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ወንበር ተዘጋጀ። በ1999 የተቆጠረው ሕዝብ 74 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ስታሰሉት ከ20 ሰው አንዱ የምክር ቤት አባል መሆኑ ነው! ወንበሩን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የወሰዱት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ናቸው። በሚያዝያ 2005ም ያው ሆነ፤ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ቀርተው ነበር። ወንበር መብዛቱ ምርጫ መኖሩን አያሳይም።

አሁን ወደ አሠራሩ። 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሰው ቀደም ብሎ ተመዝግቦ የመራጭነት ካርድ ይወስዳል። ካልተመዘገባችሁ በዕለቱ ሄዳችሁ የምታደርጉት ነገር የለም፤ ብዙ ወጣት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በምርጫው ቀን ካርድና መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ስማችሁ ከመዝገቡ ይፈለጋል፣ ትፈርማላችሁ፣ አውራ ጣታችሁ ላይ ቀለም ይደረጋል። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ መጋረጃው ብቻችሁን ትገባላችሁ። ከስሙ ጎን ምልክት አለ፤ በ2013 ብልፅግና አምፖል፣ ኢዜማ ሚዛን ነበራቸው፤ ማንበብ የማይችሉ አያትም ያለ ረዳት እንዲመርጡ ነው። የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ታኖራላችሁ። ለአንድ ምክር ቤት ብዙ ሰው የሚመረጥ ከሆነ ከተፈቀደው ቁጥር ካለፋችሁ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ስማችሁን ከጻፋችሁበትም እንዲሁ፤ ሚስጥሩን ራሳችሁ አወጣችሁታ። አጥፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ትከታላችሁ፤ አለቀ።

በ2010 መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ ከዚያም እንደገና። በ2005 መቱ ውስጥ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው 18 የሞላው በ2013 ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው በሰኔ 14፣ በአብዛኛው የሀገሪቱ ክፍል ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ ተሰጠ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋም የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ። የወረዳና የቀበሌ ወረቀት ግን በጣቢያዎቹ አልነበረም።