የመናገሻ ደን ማን ተከለው? ማንስ ጠበቀው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ሆለታ የሚጓዝ ሰው በስተግራው የሚያየው ትልቅ ተራራ ወጨጫ ይባላል። ከፍታው 3,385 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራብ ገጹ ላይ የተንጣለለው የመናገሻ ሱባ ደን ከዋና ከተማችን ባንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለሚሻ እግረኛ እጅግ የተመቸ ነው።

ስለዚህ ደን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ታሪክ አለ። ይኸውም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ባዩት ጊዜ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚል ነው። ወፍ ዋሻ በደብረ ሲና አጠገብ ይገኛል፤ ንጉሡም ደብረ ብርሃንን መናገሻቸው አድርገው ስለ ነበር አገሩን ያውቁታል። ስለዚህ ነገሩ የማይመስል አይደለም። ከዚህም በላይ የሐበሻ ጥድ ብርሃን ወዳድ ዛፍ ነው፤ በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር ችግኙ እምብዛም አይፀድቅም። እንግዲህ ትልልቅ ጥዶች በብዛት የቆሙበት ስፍራ ባንድ ወቅት ገላጣ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ነገር ግን ገላጣ መሆኑ የሰው እጅ ለመትከሉ ማስረጃ አይሆንም፤ የጥድን ፍሬ እየበሉ ዘሩን የሚያዛምቱት ወፎች ዐዋጅ አይጠብቁምና። በጥዱ መካከል የበቀሉትን ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ብሎም ያለውን ኮሶና አስታ ንጉሥ አስተከላቸው የሚል ተረት እንኳ የለም።

በእኔ አስተያየት ከተካዩ ይልቅ የጠባቂው ታሪክ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የሕዝቡ ብዛት፣ የማገዶውና የቤት መሥሪያው ፍጆታ በዙሪያዋ ያለውን እንጨት ባጭር ጊዜ ጨረሰው። የእንጦጦ ጋራ ተራቆተ። ችግሩ ከመጽናቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ ዳሩ ግን ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዋን በነበረችበት አጸናት። በአዲስ ዓለም የታነጸውም ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ እንጨት የራባት ከተማ አጠገብ፣ ለምሰሶና ለሣንቃ የሚፈለግ፣ ምስጥ የማይደፍረው ጥድ የሞላበት መናገሻ እንዴት ተረፈ? ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ ስላዘዙ ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዝ ብቻውን ዛፍ አይጠብቅም፤ መጥረቢያውን ይዞ ከደኑ ዳር የተመለሰው ባላገርና ጭራሮ ለቅማ የምታድረው እናት የከፈሉት ዋጋም አብሮ መቈጠር አለበት። የነሱን ስም የጻፈ ግን የለም።

ወደ ደኑ የሚገባ ማለዳ ቢነሣ ይሻለዋል። በዛፉ ጫፍ ነጭ ካባውን እያወዛወዘ የሚዘለው ጉሬዛ ስሙን ለዓለም ያበረከተ እንስሳ ነው፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው በአገሩ ቃል «ጉሬዛ» ብሎ መዘገበው። የምኒልክ ድኩላ የሚባለውን ደግሞ ኦስካር ኖይማን በ1902 በንጉሠ ነገሥቱ ስም ጠራው። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት። ብቻውን መዋል ይወዳል፤ የሚወጣውም ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሰው በድንገት ሲደርስበት እንደ ውሻ የሚመስል ድምፅ አሰምቶ ይሰወራል፤ ብዙ ጎብኚም ከድኩላው የሚያገኘው ይህንኑ ድምፅ ብቻ ነው።