ኩርሙክ ማዶ ያለ ወንድም

“ውጭ አገር ያለ ወንድም” ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ዋሽንግተን ዲሲን ነው። ወንድምዬው በዓል ሲደርስ ገንዘብ ይልካል፣ ለእናቱ መድኃኒት ይልካል፤ የአባቱ ቤት ካርታ ግን እሱ ሻንጣ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያሉት እህቶቹ ሲደውሉለት “እመጣለሁ፣ ያኔ እንነጋገራለን” ይላቸዋል። አይመጣም።

አሶሳ ላይ ግን ውጭ አገር ቅርብ ነው። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሄደ ሰው ኩርሙክ ይደርሳል። ኩርሙክ ደግሞ ሁለት ናት፤ አንዷ የእኛ፣ አንዷ የሱዳን። በርታዎች በሁለቱም በኩል ይኖራሉ፤ ይጋባሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይወራረሳሉም።

ዘመዳሞቹን “አገር ውስጥ” እና “ውጭ አገር” ብሎ የከፈላቸው የግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ውል ነው። አጼ ምኒልክ ከእንግሊዙ ጆን ሃሪንግተን ጋር አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉልን አስገብሮ ነበር። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም ኋላ አዲስ አበባ ድረስ መኖሪያ የነበራቸው ትልቅ ሰው ሆኑ። ውሉን ተከትሎ እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን መሬት ለመሬት ዞሮ ድንበሩን ምልክት አደረገበት። የሁለቱን ወንድማማቾች አባት ማን እንደሚወርሰው የጠየቀ ያለ አይመስለንም! ማታ አንድ አገር ተኝተው ጠዋት በሁለት አገር ተነሡ ማለት ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በእሱ መሠረት ወንድም ሴትም ልጅ እኩል ይወርሳሉ፤ የወራሹ ጾታ፣ ዕድሜና ዜግነት ለውጥ አያመጣም (አንቀጽ 837 እና 842)። አሜሪካዊ የሆነው ወንድም ድርሻው አይቀርበትም፤ አሶሳ የቀረችው እህትም አይቀርባትም። ውርሱ የሚከፈተው አውራሹ ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ አባት አሶሳ ከሞተ እህት ልጁን ፍለጋ ሜሪላንድ መሄድ የለባትም።

በሌላ በኩል አብዛኛው በርታ ሙስሊም ነው፤ በሸሪዓ የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ብቻ ነው። የመድረኩ ምርጫ ታዲያ የገንዘብ ምርጫ ሆነ። እህት “መደበኛ ፍርድ ቤት” ስትል ሽማግሌዎች ይቆጧታል፤ “ወንድምሽን በመንግሥት ትከሺዋለሽ?” ይሏታል። መልስ የሚሰጥ ግን ከመሃላቸው የለም፤ ወንድሟ ስልክ አያነሳማ።

ደግሞስ ለምንድን ነው ጸቡ ሁሉ በአንድ ቤት የሚሆነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረ። ወላጆቻችን ያወረሱን ያችን አንዷን ነው፤ ለአምስት ልጅ፣ ለስድስት ልጅ! የገጠሩ መሬት ከዚያ በፊት፣ የካቲት ላይ፣ የሕዝብ ሆኖ ነበር። በኋላም በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ (በ2016 በሌላ እስኪተካ ድረስ) መሬቱን ማውረስ የሚፈቅደው ለቤተሰብ አባል ነበር፤ የቤተሰብ አባል ማለት ደግሞ ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት አብሮ እየኖረ ኑሮውን የሚጋራ ሰው ነው። ዲሲ ያለው ወንድም እርሻውን ይዞ ማስጨነቅ የማይችለው ለዚህ ነው። ቤቱን ግን ይችላል።

በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ አሶሳ የመጡትን ሰፋሪዎችም አንርሳ። መንደሮቻቸው ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ፤ አምባ ይህን ያህል፣ አምባ ያን ያህል። የአያታቸው መሬት ወሎ ከቀረው ወንድም እጅ ነው። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የሚለውን ተረት ይዞ ወሎ የሚመለስ ሰው ግን ከአዋጁ ጋር ይጋጫል፤ ርስት የሚባለው ነገር በ1967 አብቅቷልና።

ለእህት የሚብሰው ጊዜ ነው። ንብረቱ በሌላ እጅ እንደገባ ካወቀች የወራሽነት ክስ (አንቀጽ 1000) በሦስት ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ አባት ከሞተ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር ጭራሽ አይነሣም። ያልተከፈለ የጋራ ውርስ ይከፈልልኝ ማለት ግን በማንኛውም ጊዜ ይቻላል (አንቀጽ 1062)። ሁለቱ አይምታቱባችሁ፤ “እመጣለሁ” የሚለው ወንድም ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ከዚህ መምታታት ነው።

ቅደም ተከተሉ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ውርስ አጣሪ፣ ከዚያ ክፍፍል ነው። አድራሻው ካልታወቀ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣለታል። አዲስ ዘመን የገዛ ሰው ማስታወቂያ ገጹን ያውቀዋል፤ በደቃቃ ፊደል ከከሳሽ እገሊት፣ ከተከሳሽ እገሌ፣ “በተባለው ቀን ባይቀርቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል” ይላል። ተከሳሹ ጋዜጣውን አያነበውም። ኩርሙክ ማዶ ላለው ደግሞ ጋዜጣው በእጁ ቢገባ እንኳ በዓረብኛ አልተጻፈም።