እንጨት ደረቀ የሚባለው መቼ ነው?

ወዳጆቼ፣ ቤታችሁን የጣውላ ወለል ልታስነጥፉ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን ታሪክ አንብቡልኝ።

ድሮ አናጢ የእንጨትን መድረቅ የሚያውቀው በእጁ ዳስሶ፣ በክብደቱ ገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ሃሪ ቲማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ወሳኙን ነጥብ ለየው። እንጨት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውኃ አለ። በቀዳዳዎቹ ያለው ሲወጣ ክብደቱ ብቻ ይቀንሳል። የሕዋሶቹ ግድግዳ የያዘው መውጣት ሲጀምር ግን፣ ማለትም እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ፣ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። ለዚህ ነው ሲዳሰስ ደረቅ የሚመስል ጣውላ ከተነጠፈ በኋላ የሚሰነጠቀው፣ የሚጣመመው።

በ1910 ማዲሰን ከተማ የእንጨት ምርምር ላቦራቶሪ ተከፈተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን የሚሠራው ከእንጨት ስለነበር፣ በደንብ ያልደረቀ እንጨት የሰው ነፍስ ጉዳይ ሆነ። በ1927 ደግሞ አልፍሬድ ስታም እርጥበትን በኤሌክትሪክ መለካት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ አናጢ ኪስ የሚገባው ባለ ሁለት መርፌ መለኪያ መሠረቱ ይሄው ነው።

እናንተም ጣውላውንም፣ ከሥሩ ያለውን የእንጨት ንጣፍም አስለኩ። ሰፊ ጣውላ ከሆነ ልዩነታቸው ከ2 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በነሐሴ እርጥበት የጠጣ ጣውላ ከነጠፋችሁ በበጋ ክፍተቱን ታዩታላችሁ።

ሻጩ «ደርቋል» ሲላችሁ፣ «ስንት በመቶ?» በሉት።